በሃምሳው የተጾመ ጾም

እማማ ደጊቱ ማንኩሳ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ያልገሠጹት ሰው አልነበረም። ረዳቱን «ቅቤዬን ከሞተሩ አጠገብ አድርገህ ልታቀልጥብኝ ነው?» አሉት። ሾፌሩን «ዘፈኑን ዝቅ አድርግ፤ ሠርግ አይደለም የምሄድ» አሉት። መስኮት ዳር የተቀመጠውን ጎልማሳ ደግሞ በዓይናቸው ብቻ አስነሡትና ቦታውን ያዙ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ጭናቸው ላይ አሳርፈው ወደ ጎናቸው ዘወር ቢሉ አንዲት ወጣት ሙዝ ልጣ ትበላለች።

መብላቷስ ይሁን። ግን በመንገድ! በሰው ፊት! አፏን እንኳ በነጠላዋ ጫፍ ሳትከልል!

«እማማ፣ እንብላ» አለች ልጅቱ ግማሹን ቆርሳ እየዘረጋች።

«እንብላ ትላለች ደግሞ! አንቺ ልጅ፣ እናት የለሽም?»

«አለችኝ እማማ፤ ደምበጫ ናት።»

«ታዲያ ሴት ልጅ በመንገድ እንደማትበላ አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች። ስትነግረኝ ግን ጠግቤ ነበር።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ፈነዳ። እማማ ደጊቱ ዞረው አዩአቸው፤ ሳቁ ቆመ።

«በእኛ ጊዜ በመንገድ ስታኝክ የታየች ሴት ባል የሚባል ነገር አታገኝም ነበር።»

«ባሉ ቀስ ብሎ ይመጣል እማማ፤ ርሃቡ ግን ደርሷል። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሌሊቱን አንዲት እናት ሳዋልድ አድሬ እህል ያየሁት አሁን ነው።»

ማዋለድ የሚከበር ሥራ ነውና እማማ ደጊቱ ጥቂት ለዘብ አሉ። «ስምሽ ማነው?» አሏት።

«ሄቨን።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«መንግሥተ ሰማይ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ።»

«እኔን! መንግሥተ ሰማይ ሙዝ ስትበላ ለማየት በቃሁ» አሉ። አሁን ልጅቱ ራሷ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

የሰው ሳቅ መንገድ ያሳጥራል። እማማ ደጊቱም ጨዋነት ምን እንደሆነ ለዚህች ልጅ ሊያስተምሩ ተመቻቹ። «የእኔን ምራት ብታይ» አሉ፣ «ከተማ ገብታ፣ ሱቅ ከፍታ፣ ልጅ ወልዳ አልተበላሸች። ባሏ ሳይቀምስ እህል በአፏ አይዞርም። ቢመሽም ይምሽ፣ ትጠብቀዋለች። እኔ ነኝ ያስተማርኋት! ሙሽራ ሁና የገባች ዕለት ጆሮዋን ይዤ ነው የነገርኋት።»

«ባሏ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሾፌር ነው፤ አይሱዙ ይነዳል። ዛሬ ቡሬ፣ ነገ ባሕር ዳር፣ ከነገ ወዲያ የት እንደሚውል መላእክት ይወቁት።»

ልጅቱ የሙዙን ልጣጭ በጋዜጣ ጠቀለለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ምራትዎ አይናለም ናት? መናኸሪያው ጎን ሱቅ ያላት?» አለች።

«ታውቂያታለሽ?»

«ጓሮዋ ያለውን ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖር። ባለፈው ጊዜ ራሷን አዙሯት የሳሙና ካርቶን ላይ ስትወድቅ ያነሣኋት እኔ ነኝ።»

እማማ ደጊቱ ፊታቸው ተለወጠ። ከማንኩሳ ያነሣቸው ነገር ይኸው ነበርና። ልጃቸው ባምላኩ ደውሎ ነግሯቸዋል፤ አይናለም ከስታለች፣ ጡቷ ወተት አልይዝ ብሏል፣ ሕፃኑ ይታገሡም እንደ ዕድሜው አይወፍርም። ይታገሡን ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ ከእኅቱ ከውዳሴ በኋላ ስንት ዘመን በስለት ሲጠበቅ የመጣ ልጅ ነው።

«ዓይን ነው» አሉ። «ሱቅ ማለት ቀኑን ሙሉ ለመንገደኛ ዓይን መሰጣት ነው። በልተዋታል። ዛሬ ሱቁን አዘጋዋለሁ፤ ለዚሁ ነው የመጣሁ።»

«ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ቀን ተቀምጠው ይዩአት እንጂ እማማ።»

«አንቺ ነሽ የምትመክሪኝ? በመንገድ የምትበይ?»

«አዎ፤ ጠግቤ ስለሆነ ምክሬ ደህና ነው።»

እማማ ደጊቱ ስለታም ምላስ ሲገጥማቸው ይናደዳሉ የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው፤ ደስ ይላቸዋል። የሚመክታቸው ሰው አጥተው ነው እንጂ ሰውን ሁሉ የሚሸነቁጡት በክፋት አይደለም። ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ቅቤውን ለሄቨን አስያዟት፤ ይህ ከእሳቸው ትልቅ ሹመት ነው።

የአይናለም ሱቅ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ጨውና ስኳር፣ ሻማና ጧፍ፣ ክብሪት፣ ፓስታ፣ የእጅ ባትሪ፣ የልጆች ደብተርና እርሳስ ይሸጥበታል። ይህ በዓይን የሚታየው ነው። የማይታየውም አለ፤ ከገበዝ ማርያም የመጣ ገበሬ ከአውቶቡስ ወርዶ ሐኪም ቤት ሲሄድ ጆንያውን እሷ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ስልኩ የሞተበት እሷ ዘንድ ይሞላል፤ ልጇ የጠፋባት እናት መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ እሷ ነው። እማማ ደጊቱ ከሚዛኑ ጎን ወንበር ተሰጥቷቸው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ «አይናለምዬ፣ አይናለምዬ» እያለ ሲገባና ሲወጣ አዩ። ልባቸው ኮራ። አፋቸው ግን የመጡበትን አልረሳም።

«የልጅ ልጄስ የታለ?»

«ይኸው እናታለም፣ ተኝቷል።»

ይታገሡ በጋቢ ተጠቅልሎ ፓስታ በመጣበት ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ነበር።

«እኔን ያስቀድመኝ! የባሌ የወልደ ዮሐንስ የልጅ ልጅ እንደ ፓስታ በካርቶን? ነገ ደግሞ ሚዛን ላይ ልታወጪው ነው?»

አይናለም ስቃ ጉልበታቸውን ሳመች። ስትስቅ ጉንጯ ሟሸሸ፤ እዚያ ቦታ ድሮ ሥጋ ነበር። እማማ ደጊቱ ይህን አይተው አዘኑ። ሲያዝኑ ደግሞ ይቆጣሉ፤ ዐመላቸው ነው።

«ስሚ፣ ይህ ሱቅ ይዘጋ። ዓይን በልቶሻል። ልጄ ይሠራል፣ ያበላሻል፤ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ቤትሽ ተቀመጪ።»

አይናለም ለአማቷ ቀና ብላ መልሳ የማታውቅ ሴት ናት። አሁን ግን የሚዛኑን ሰሐን በጨርቅ እየወለወለች በለስላሳ አንደበት መለሰች።

«እናታለም፣ እርስዎ ያሉትን አላልፍም። ግን ይህን ሱቅ እንዴት እንደከፈትሁት ያውቃሉ። ከእርስዎ ማሳ የመጣውን በርበሬ ቀንጥሼ፣ ደልዤ፣ በስኒ እየሰፈርሁ ሸጬ ነው። የባምላኩ መኪና ተበላሽቶ በቆመበት ክረምት ልጄን ያበላልኝ ይህ ሱቅ ነው። የውዳሴን ደብተር የሚገዛልኝ ይህ ሱቅ ነው። ለእኔ ሱቁ እንደ እርስዎ ማሳ ነው። እርስዎ ማሳዎን ዓይን በላው ብለው ጦም ያሳድሩታል?»

እማማ ደጊቱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ማሳና ሱቅ አንድ ነው? ማሳ ሰው አያየውም!» አሉ። ማሳቸው ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ አገር ሁሉ ያየዋል። እሱን ግን አላነሡትም።

ምሳ ደረሰ። አይናለም የአማቷን እጅ አስታጠበች፤ ቅቤ የተለቀቀበት ሽሮ ከእርጎ ጋር አቀረበች፤ ራሷ ግን ቆመች። ሄቨን ጥቂት ተኝታ ከጓሮ ብቅ አለች።

«አይኑዬ፣ አንቺስ?»

«ባምላኩ ይመጣል።»

«የት ነው ያለው?»

«ቡሬ፣ በቆሎ እየጫነ ነው።»

«በቆሎው ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ መኪናው ተመልሶ እስኪመጣ አንቺ ቆመሽ ልትጠብቂ ነው? ጧት ምን ቀመስሽ?»

«ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«ልጄ፣ ጨዋ ናት፤ ተያት!» አሉ እማማ ደጊቱ ጉርሻቸውን አጋምሰው። «ባል ማክበር ድሮም ያለ ነው።»

«ማክበሩን አልነቀፍሁም እማማ። ግን የምታጠባ እናት ከሌላው ሰው ይልቅ ደጋግማ መብላት አለባት። ወተቱ ከሰማይ አይወርድ፤ ከምትበላው ነው የሚመጣ። ራሷን ያዞራት ርሃብ ነው እንጂ ዓይን አይደለም።»

«እኛ ሳንበላ አጥብተን አላሳደግንም?»

«አሳድጋችኋል። ያላደጉትስ?»

ይህች ቃል ከበደች። በዚያ ዘመን ልጅ ያልቀበረች እናት ጥቂት ናት፤ እማማ ደጊቱም ከጥቂቶቹ አልነበሩም። ሄቨን የተናገረችው ሲቆረቁራቸው አየች፤ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች። «ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ ምላሴ ቀደመኝ።»

«ተይው። እውነት ይቅርታ አይጠየቅበትም» አሉ እማማ ደጊቱ፣ እርጎውንም ገፋ አደረጉት።

በዚህ መካከል ውዳሴ ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን ወርውራ አያቷ ጉያ ገባች። እናቷ «ነይ ብዪ፣ ርቦሻል» ብትላት ራሷን ነቀነቀች።

«አባቴ ሳይመጣ አልበላም። ትልቅ ሴት ሁኛለሁ።»

«እሰይ የእኔ ልጅ! እሰይ ጨዋ!» ብለው እማማ ደጊቱ ሳሟት። ሲስሟት ግን ከንፈሯ ደርቆ ጉንጫቸውን ቧጠጣቸው። የልጅቱ ሆድም እዚያው ጉያቸው ውስጥ ጮኸ። እማማ ደጊቱ ያንን ድምፅ ሰሙት። ያልሰሙ መሰሉ እንጂ ሰሙት።

ሄቨን ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ከእኔ እርስዎ ይበልጡኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አሁን ምን ወቅት ነው?»

«በዓለ ሃምሳ ነዋ! ፋሲካ ባለፈ በስንቱ ነው የሚጠፋሽ?»

«በሃምሳው ይጾማል?»

«አንቺ ምን ነካሽ? ክርስቶስ ተነሥቶ! በሃምሳው እንኳን ጾም ስግደትም የለ። ረቡዕ ዓርቡ እንኳ ይበላል። በሃምሳው የሚጾም ሰው እኮ ትንሣኤውን…»

ዓይናቸው ቆማ ወደምታስተናግደው ምራታቸው፣ ከዚያም ጉያቸው ወዳለችው ውዳሴ ሄደ።

«እንግዲህ» አለች ሄቨን በዝግታ፣ «ቤተ ክርስቲያን ብሉ ብላለች። ታዲያ አይናለም የምትጾመው የማንን ጾም ነው?»

እማማ ደጊቱ የውዳሴን ጠጉር ዳበስ ዳበስ አደረጉ። የመጨረሻ መሸሻቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ጾም አይደለም፤ አክብሮት ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ጧቱ አልነበረም።

ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። አይናለም ጡቷን አጎረሰችው። ሳበ፣ ሳበ፣ ለቀቀና ጮኸ። እማማ ደጊቱ ዕድሜ ልካቸውን ላም ያለቡ ሴት ናቸው፤ የሞላ ጡት ሲሳብና የነጠፈ ጡት ሲሳብ ድምፁ እንደሚለይ ማንም አይነግራቸውም። ላማቸው ወልዳ ሳለ ከከብቱ ሁሉ በፊት አተላው ለማን እንደሚሰጥ አሰቡ። ለበሬው? ለአህያው? ለወላዷ ነው! ይህን ለላም ሲያደርጉ የኖሩ ሴት ለልጃቸው ሚስት ምን ብለው እንዳዘዙ ትዝ አላቸው።

ደግሞም ሌላ ነገር ታሰባቸው። ያንን ትእዛዝ ያወጡት ለገጠር ነበር። ያኔ ባል በሬውን ፈትቶ ሲመጣ ከደጃፍ ይታያል፤ ወጡ ሳይበርድ ይደርሳል። መጠበቅ ማለት እንጀራውን አቅርቦ እጅ እስኪታጠብ መቆየት ነበር። አሁን ግን አስፋልቱን አዩት፤ የጭነት መኪናው መምጫ የለውም፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። በዚህ መንገድ ላይ ማን ማንን እስኪመጣ ይጠብቃል?

«ባልየው ይምጣ» አሉ ብቻ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የባምላኩ አይሱዙ ጥጉን ያዘ። ባምላኩ ገብቶ የእናቱን ጉልበት ሳመ፣ ልጆቹን አቀፈ። ገበታው ቀረበ። አይናለም ዓይኖቿ በእጁ ላይ ነበሩ፤ እሱ ሲጎርስ ነው እሷ የምትቀምሰው።

እማማ ደጊቱም አዩ። ልጃቸው ሲርበው እንዴት እንደሚበላ ያውቃሉ፤ በልጅነቱ ድስት ይልስ የነበረ ነው። አሁን ግን ትንሽ ቆረሰ፤ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሁለተኛውን አፉ ውስጥ አንከባለለ። ቀስ ብሎ ቀበቶውን ፈታ።

«አንተ፣ አሞሃል?»

«ኧረ ደህና ነኝ እናቴ።»

«ቀበቶህን ምን አስፈታህ?»

«ሞቆኝ ነው።»

«ሙቀት በቀበቶ ነው የሚወጣ? እይ፣ እኔ ነኝ የወለድሁህ። የት በላህ?»

ባምላኩ ሚስቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ሄቨን በር ላይ ቆማ ሳቋን ስታፍን አየ። መሸሻ አልነበረውም። «ቡሬ ላይ ከጫኝዎቹ ጋር ጥብስ በልተናል» አለ። «ሰው ሲጋብዝ እንቢ አይባል።»

«ጠግበህ ታዲያ ምን ያስበላሃል?»

«እሷ እንድትበላ ነዋ! እኔ ካልቀመስሁ አትቀምስም። በልቻለሁ ብላት ‹አንድ ጉርሻ› ትላለች። አንድ ጎርሼ ሳቆም ‹ምነው፣ አልጣመህም?› ትላለች። ስለዚህ እበላለሁ። ሌሊት ጨጓራዬ ሲነድ ያድራል።»

አይናለም የያዘችው ማንቆርቆሪያ ተዘነበለ። «በልተህ ነው የምትመጣው?» አለች። «እኔ እኮ… በመንገድ ጦምህን የምትውል መስሎኝ፣ እሱ ሳይበላ እህል እንዴት በጉሮሮዬ ይወርዳል ብዬ!»

«እኔ ደግሞ መጠበቁ ደስ የሚልሽ መስሎኝ።»

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ እማማ ደጊቱ። «እናንተ ግን አንዳችሁ ሰጥማችሁ፣ አንዳችሁ በጥም ልታልቁ ነው!»

መጀመሪያ ሄቨን፣ ቀጥሎ ባምላኩ፣ በመጨረሻ አይናለም ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ እየሳቀች ግን ነበር። ውዳሴ ነገሩ ባይገባትም ሰው ሁሉ ሲስቅ አይታ ሳቀች፤ ይታገሡም ደነገጠና አለቀሰ።

እማማ ደጊቱ እጃቸውን ታጠቡ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና «ነይ ወዲህ፤ ከዛሬ ጀምሮ ባል መጠበቅ ቀርቷል» አሉ ምራታቸውን።

«እናታለም፣ ኧረ ይተዉ፤ ሰው ምን ይለኛል? ባሏ ሳይመጣ በላች ቢሉኝስ?»

«ሰው ማነው? እኔ ነበርሁ ያ ሰው! ሥርዓቱን ያወጣሁ እኔ፣ የምሽረውም እኔ። እኔ ብዪ ካልሁሽ ማን የቀረ ተናጋሪ አለ? አፍሽን ክፈቺ!»

ጎረሰች። ሁለተኛውን ለውዳሴ አጎረሱ። «አንቺም ስሚ፤ ትልቅ ሴት ማለት ርሃቧን የምትደብቅ አይደለችም። ለሰው የምትተርፍ ናት፤ ያልበላ ደግሞ አይተርፍም።» ሦስተኛውን ይዘው ወደ ሄቨን ዞሩ። «ነይ አንቺም መንግሥተ ሰማይ። በመንገድ ከምትበይ እዚህ ብዪ።»

«ሱቁስ እማማ?» አለች ሄቨን አፏ ሞልቶ።

«የምን ሱቅ? ማሳ ጦም ያድራል እንዴ!»

እማማ ደጊቱ ሳምንቱን እዚያው ሰነበቱ። አይናለም ጧት ቁርሷን፣ ቀትር ምሳዋን፣ በመካከሉም በአጃ የተሠራ አጥሚት እንድትቀምስ አማቷ ከሚዛኑ ጎን ሁነው እንደ ዘበኛ ጠበቁ። ደንበኛ መጥቶ «ሳሙና» ሲል «ቆይ፣ ትብላበት!» ይሉታል። ባምላኩ በልቶ ከሆነ ከመንገድ ይደውላል፤ ካልበላም ይደውላል፤ ድርሻው ይቀመጥለታል። በጊዜ የደረሰ ቀን አብረው ይበላሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ ይታገሡ ጡት እንደጎረሰ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር፤ ወተቱም በአፉ ጥግ ይፈስ ነበር። እማማ ደጊቱ ያንን አይተው እልል አሉ። መንገደኛው ሠርግ ያለ መስሎት ቆመ።

ማንኩሳ የተመለሱት የሚካኤል ማኅበር ዕለት ነው። ባላቸው አያ ወልደ ዮሐንስ ማኅበር ሂደው ቤቱ ባዶ ነበር። እማማ ደጊቱ ተቀመጡ፤ አሰቡ፤ ተነሡና እንጀራ አወጡ። ብቻቸውን ሲጎርሱ የመጀመሪያው ጉርሻ እንደ ስርቆት ከበዳቸው፤ ሁለተኛው ቀለለ፤ ሦስተኛው ጣመ።

አያ ወልደ ዮሐንስ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ሚስታቸውን እየበሉ አገኙአቸው። ቆሙ።

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«እኔ ሳልመጣ?»

«አንቱ ሳይመጡ።»

እማማ ደጊቱ ቁጣ ጠበቁ፤ መልሳቸውንም አዘጋጅተው ነበር። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን አስደግፈው መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። በረጅሙ ተነፈሱና «ተመስገን ሚካኤል» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ምንም።»

«አንቱ ሰው፣ ሰምቻለሁ። ማኅበሩ ላይ በልተው ነው የመጡ?»

አያ ወልደ ዮሐንስ መሬት መሬት አዩ። «ከተጋባን ጀምሮ ማኅበር በዋልሁ ቁጥር ሁለት እራት ነው የበላሁ» አሉ። «‹ደጊቱ ጦሟን ናት› እያልሁ ከሠርግም ከዝክርም ምርቃት ሳልሰማ እነሣለሁ። ይህን ዳገት ጠግቤ ስሮጠው ነው ያረጀሁ።»

«እኔ ደግሞ ወጤ ናፍቆዎት እየሮጡ የሚመጡ መስሎኝ! ለጎረቤቱ ሁሉ ስኮራበት የኖርሁ!»

«ወጥሽማ ግሩም ነው። ለጠገበ ሰው ግን ግሩም የሚባል ነገር የለም።»

እማማ ደጊቱ ጉርሻው በአፋቸው እንዳለ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሽማግሌውም ሳቁ። አብረው በተቀመጡበት ዘመን ሁሉ እንዲያ ስቀው አያውቁም። ሲበቃቸው እማማ ደጊቱ ነጠላቸውን አጣፉ። «ይነሡ፣ ወደ ማኅበሩ እንሂድ» አሉ። «ዛሬ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ይሰማሉ።»

ማኅበሩን ያወጣው ተስፋው የሚባል ጎረቤታቸው ነበር። ሁለቱ ሲደርሱ ወንዶቹ ዱላ ዱላቸውን እያነሡ ነው። አንዱ «ከብቱ አልገባም» ይላል፣ ሌላው «ደመናው አስፈራኝ» ይላል፣ ራሱ ባለቤቱ ተስፋው «ገና ጠላው አልተነካ፣ ምነው ሁልጊዜ እንዲህ ትጣደፋላችሁ?» እያለ ያዝናል። እማማ ደጊቱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው? ከብት ነው ወይስ ሚስት?»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ ዛሬ ባሌ ሳይመጣ በልቼ ነው የመጣሁ። ይኸው መሬት አልተሰነጠቀም። ስሙኝ፣ እናንት ጠግባችሁ ሌላ እራት ልትበሉ የምትሮጡ! ሴቲቱ በጊዜዋ ስትበላ ጡቷ ይሞላል፣ ልጇ ይወፍራል፣ ለሥራዋ ጉልበት ታገኛለች። ወንዱም ከሰው ጋር ተጫውቶ፣ ተመርቆ፣ ጨጓራው ሳይነድ ይተኛል። ሴት ልጃችንም መራብን ጨዋነት ብላ አትማርም። አብራችሁ የዋላችሁ ዕለት አብራችሁ ብሉ፤ ከዚያ የበለጠ አክብሮት የለም። ተለያይታችሁ የዋላችሁ ዕለት ግን ሁላችሁም በያላችሁበት ብሉ። እግዜር ብሉ ባለበት በሃምሳው እንኳ ስንጾም ኖረናል፤ ዋጋም የሌለው ጾም። አሁን እውነቱን ተናገሩ፤ ከእናንተ መካከል ሁለት እራት የማይበላ አለ?»

ወንዶቹ በሙሉ አቀረቀሩ። ከዳር የተቀመጡት ቄስ ጭምር አቀረቀሩ። ከዚያ ተስፋው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቤቱም ተናጋ።

አንድ በአንድ ዱላቸውን አስቀመጡ፤ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ጎረምሶቹ ስልካቸውን አውጥተው ወደየቤታቸው ደወሉ፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነበር፤ «ብዪ፣ አትጠብቂኝ።» የቤቱ ባለቤት ጋኑን ከፈተ። ያን ቀን ምርቃቱ እስከ መጨረሻው ተሰማ፤ አያ ወልደ ዮሐንስም «አሜን» ሲሉ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ነበር።